ቅጹ ላይ ቦታ ያጣው ነገር

ታላቅ ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ሰዓት ሲሠራ እጁ ስቶ አያውቅም ነበር። ዓምና ግን እግሩን አንፈርክኮ፣ ግድግዳ እየተደገፈ መሄድ ጀመረ። ምላሱም ተሳሰረ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰካራም አደረገው፤ መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቀውን ሰው።

ሐኪሞቹ ከማጅራቱ በላይ ያለው ትንሹ አንጎል እየተጎዳ ነው ብለው፣ ይህንኑ ወደሚያጠና ፕሮፌሰር ላኩን። ሰውዬው ወንድሜን በቁጥር ነበር የሚጠራው። በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው አንተ እያለ አፍንጫህን ንካ፣ በመስመሩ ላይ ተራመድ ይለዋል። ሲንገዳገድ ደስ ብሎት ቅጹ ላይ ይጽፋል።

ወንድሜ ከእጁ ይልቅ ያስጨነቀው ሌላ ነገር እንደሆነ ቀስ ብሎ ነገረው። ሰዓት ከፈታ በኋላ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ቀድሞ እንደሚገባ ይጠፋበታል፤ የጀመረው ወሬም መሃል ላይ ይበተንበታል።

"ትንሹ አንጎል የሚያዘው እጅና እግርን ነው። ይሄ ጭንቀት ነው" አለ ፕሮፌሰሩ፣ ቀና እንኳ ሳይል። ቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለማ!

ረዳቱ ግን ሰምታ ኖሯል። በሳምንቱ አንድ ሰው ሲለባብስ የሚያሳዩ ስድስት ሥዕሎች ሰጥታ በቅደም ተከተል ደርድራቸው አለችው። ወንድሜ ሥዕሉ ላይ ላለው ሰውዬ ጫማ ካጠለቀለት በኋላ ካልሲ አደረገለት። ስህተቱን ራሱ አይቶ አቀረቀረ። ሌሎቹንም ታማሚዎች ፈተነች፤ አብዛኞቹ እንደሱው ሆኑ።

ከወራት በኋላ ፕሮፌሰሩ አዳራሽ ሙሉ እንግዳ ሰብስቦ፣ እኛንም አስጠርቶ፣ በሽታው ሐሳብንም እንደሚያዛባ "ገና ከመጀመሪያው የጠረጠርኩት ነው" ብሎ ደሰኮረ። አያፍርም። ከዚያ ወንድሜን ተነስና ተራመድላቸው አለው።

ወንድሜ ክንዴን ይዞ ቆመ። አንድ አንድ ቃል እየለቀመ፣ "ጭንቀት ነው ብለኸኝ ነበር። የሰማችኝ እሷ ናት" አለ።

ረዳቷ ፊቷ ቀላ። ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብሎ ወደ እንግዶቹ ዞረና፣ የንግግሩን መጎተት ልብ እንዲሉለት ጠየቀ። አንዳንዶቹም ጻፉ።

ጥናቱ ሲታተም የእሷ ስም መጨረሻ ላይ፣ ምስጋናው ውስጥ ተወሽቆ ወጣ። ወንድሜ ወደ ፕሮፌሰሩ ክፍል አልተመለሰም። ረዳቷ ግን በእረፍቷ ቀን ሱቁ መጥታ፣ የሰዓቱን አፈታት ደረጃ በደረጃ ፎቶ አንስታ ግድግዳው ላይ ለጠፈችለት። እጁ ለትንንሾቹ የእጅ ሰዓቶች አልመለስ ቢለውም፣ ፎቶዎቹን እያየ የግድግዳ ሰዓት ይገጥማል።

ባለፈው ሰሞን ፕሮፌሰሩ ራሱ ደወለና ያ ቁጥር ለጥናቱ ሁለተኛ ዙር እንደሚፈለግ ነገረኝ። በዚህ ቤት በቁጥር የሚጠራ ሰው የለም ብዬ ዘጋሁበት።