የክላክስ ሦስት ጠጠሮች

የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የሚነዳውን ሰው ተማሪዎቹ «ክላክስ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ጥሩምባ ስለሚያበዛ አይደለም፤ እንዲያውም መሪ ሲይዝ ጨዋ ሰው ነው። አፉ ግን አያርፍም። ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ወሬ ያስነሳል። መስኮት ዝጉ፣ እግራችሁን ሰብስቡ፣ አንተ ልጅ ዛሬስ ፊትህን ታጥበሃል ወይ፣ እያለ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ይዘልቃል። ልጆቹ ይወዱታል። መወደዱን ስለሚያውቅ ደግሞ ይብስበታል።

አንዲት ልጅ አለችው፣ የአሥራ ሦስት ዓመት። እሷ ስትናገር ትንተባተባለች። ቃሉን ጀምራ ስትያዝ አባቷ ቶሎ ይደርስና ይጨርስላታል፤ ሐኪም ፊትም ይሁን ሱቅ ውስጥ፣ ዘመድ መሀልም ቢሆን። «ልጄን አውቃታለሁ፤ ገና አፏን ስትከፍት ይገባኛል» ይላል። እሷም እሺ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። አውቶቡሱ ላይ ከሹፌሩ ጀርባ ያለችው መቀመጫ ስድስት ዓመት ሙሉ የሷ ናት። የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆማ «እ... እኔ የም... የምቀመጠው ከ... ከ...» ስትል፣ «ከአባቴ ኋላ!» ብሎ ጨረሰላት። ሄዳ ተቀመጠች፤ በዚያው ቀረች።

ዘንድሮ እሷ ያለችበት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ከከተማ ወጥተው፣ ጫካ ዳር ድንኳን ተክለው አራት ቀን እንዲቆዩ ተወሰነ። ራሳቸው ያበስላሉ፣ ራሳቸው መንገድ ያገኛሉ፣ ሲጣሉም ራሳቸው ይታረቃሉ፤ ነገሩ ሁሉ ለዚህ ነው። አብሯቸው ሊሄድ የነበረውን የስፖርት መምህር ግን ዋዜማውን ወገቡን ያዘውና ቀረ። ርዕሰ መምህርቷ ክላክስን ጠርተው «መኪናውን ካቆሙ ወዲያ ሥራ የለዎትም፤ አብረዋቸው ይሁኑ» አሉት። ደስታውን አልቻለውም። አራት ቀን ሙሉ ወሬውን የሚሰማለት ሰው አገኘ!

የካምፑ አሰልጣኝ ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ገና ከመኪናው ሲወርድ ሦስት ጠጠሮች መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አፍዎ ነው» አለችው። «እዚህ አዋቂ ሰው ለአንድ ቀን ሦስት ጠጠር አለው። ልጆቹን ለማገዝም ሆነ ለማረም አፍዎን በከፈቱ ቁጥር አንድ ይጥላሉ። ሦስቱ ካለቁ እስከ ማግስቱ ዝም ነው። አደጋ ከሆነ ግን ጠጠር የለም፣ ይጮሃሉ።»

«ሰላምታስ?»

«ሰላምታ በነጻ ነው።»

በመጀመሪያው ቀን አንድ ድንኳን እንኳ ሳይቆም ሦስቱም አለቁበት። አንዱ «ካስማው ተገልብጧል!» ሲል ሄደ። ሁለተኛው መዶሻ አያያዝ ሲያስተምር ሄደ። ሦስተኛውን «እኔ ዝም ብያለሁ፤ ግን እናንተ ልጆች ገመዱን ላላ አድርጉት» ብሎ ጣለው። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ድንኳኑ ሲወድቅ አየ፤ ሲነሳም አየ። ጠማማ ሆኖ ቆመ፤ ቆመ ግን። በሁለተኛው ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ለሱ ይህ ትልቅ እመርታ ነው።

በካምፑ በየቀኑ አንድ ተማሪ መንገድ መሪ ይሆናል። ካርታውን የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ መሪውን ሳይሰሙ አልፈውት ከሄዱ ፊሽካ ይነፋና ካርታው ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክላክስ ሰሌዳው ላይ የመሪውን ስም አየ። የገዛ ልጁ ስም ነው።

አሰልጣኟን ውኃ መቅጃው ጋ አገኛት።

«እባክሽ እህቴ፣ እሷን እለፊያት። ያን ሁሉ ልጅ ፊት አንደበቷ ቢያዝ እኮ...»

«አንድ ጠጠር» አለችውና አስጣለችው። «ስሟን ማን እንደጻፈው ያውቃሉ? ራሷ ናት። የመጡ ዕለት፣ ከሁሉም ቀድማ።»

ዞር ሲል ልጁ ባዶ ጄሪካን ይዛ ከኋላው ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«አባዬ» አለች። «አን... አንተ በ... በኔ የም... የም...»

«በኔ የምትጨነቀው ስለምትወደኝ ነው ልትዪኝ ነው፤ አውቃለሁ የኔ እናት!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትነቀንቅ ነበር። አሁን ግን አይደለም ብላ ራሷን ወዘወዘች። ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠች፣ ከመዳፉ ሁለተኛውን ጠጠር አነሳችና ጣለችው።

«ራ... ራሴ እ... እጨርሰዋለሁ። አን... አንተ በኔ የም... የምታፍር ይ... ይመስለኛል።»

ጄሪካኗን ሞልታ ሄደች። ክላክስ እዚያው ክው ብሎ ቀረ። የልጁን ዐረፍተ ነገሮች ዕድሜ ልኳን ሲጨርስ ኖሯል፤ ይህን ግን መቶ ጊዜ ቢሞክር እንዲህ አይጨርሰውም ነበር። ስንቱን እንዲህ አበላሽቶ ጨርሶ ይሆን? መዳፉ ላይ አንድ ጠጠር ቀርቷል። ጨበጠው፣ ዛሬ ቢሞት እንደማይጥለውም ለራሱ ማለ።

ጉዞው እስከ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በዕለቱ ምግብ የሚያሰናዳው ሌላው የተማሪዎች ቡድን ምሳ ይዞ እዚያ ይጠብቃቸዋል። ልጅቷ ካርታውን ይዛ ከፊት፣ ክላክስ ከሁሉም ኋላ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄዱ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። የቀኙ ሰፊ ነው፣ የመኪና ጎማ የደለደለው። የግራው ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገባ ቀጭን የእግር መንገድ። ከክፍሉ ሁሉ በቁመት የሚበልጠው፣ «ቀውላላው» የሚሉት ልጅ ለአፍታ እንኳ ሳይቆም ወደ ቀኝ ታጠፈ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ክላክስም ቀኙን ያውቀዋል። የጭነት መኪና በሚነዳበት ጊዜ አሸዋ ያመላለሰበት መንገድ ነው፤ ድልድዩ ድረስ ቀጥ ይላል። የልጁ ጣት ግን ካርታው ላይ ወደ ግራ ያመለክታል። ተሳሳተች አለ በልቡ። ወይኔ ልጄ፣ ተሳሳተች!

ልጅቷ ሮጠች። ቀውላላውን አልፋ መንገዱ መሀል ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ካርታውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«መ... መንገዱ ግ... ግ...»

«ግልጽ ነው!» አለ ቀውላላው። «መንገዱ ግልጽ ነው፣ እንሂድ እንጂ!»

እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቷ ላይ ሥሯ ተገትሯል፤ ቃሉ አልወጣ አላት። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየዞሩ ክላክስን ያዩት ጀመር። ልማዱን ሁሉም ያውቃል፤ አሁን ይጨርስላታል፣ ይገላግለናል ብለው ነው። አሰልጣኟ ፊሽካዋን ጨብጣ ዳር ቆማለች። ልጁ ብቻ ወደሱ አላየችም።

ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። «ቀኝ ነው» ቢል አለቀ፣ ሁሉም ያርፋል። ነገር ግን የጠዋቱ ንግግሯ ጆሮው ላይ አለ። ተሳስታ ብትመራቸው እግራቸው ይደክማል እንጂ ማንም አይሞትም። አሁን ቢናገርላት ግን ያፍርብኛል ያለችው እውነት ሆኖ ይቀራል። በራሱ አፍ እምነት ስለሌለው ጠጠሩን አፉ ውስጥ ከተተና ጥርሱን ገጠመ።

ጊዜው ረዘመ። ወፍ ጮኸች። አንዱ ልጅ አሳለ።

«ግ... ግራ ነው» አለች። «የቀ... የቀኙ ታጥሯል። እ... እዚህ ጋ ቀይ መስመር አ... አለ። ድ... ድንጋይ የሚ... የሚያፈነዱበት ነው።»

ቀውላላው ጎንበስ ብሎ አየ። «እውነቷን ነው» አለና እጁን ሰጥቶ አስነሳት። ቡድኑ ሁሉ ወደ ግራ ተመለሰ። አሰልጣኟ ፊሽካዋን ኪሷ ከተተች።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ክላክስ ቁልቁል አየ። የሚያውቀው ሰፊ መንገድ በሽቦ አጥር ተቋርጧል፤ ከአጥሩ ማዶ ቢጫ ማሽኖች ተራራውን ይንዳሉ። ጠጠሩ አፉ ውስጥ ባይኖር ኖሮ ያን ሁሉ ልጅ ወደዚያ ይልክ ነበር።

ድልድዩ ጋ ልጆቹ ዳቦና ሻይ ሲከፋፈሉ አጠገቧ ሄዶ ቁጢጥ አለ። ጠጠሩን ተፋና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«አላፍርብሽም» አለ። «ሰው እንዳይስቅብሽ ፈርቼ ነው። እኔ ስፈራ አፌ አያርፍም።» ሌላ ሺህ ነገር ሊጨምር ነበር፤ ተወው። ተናግሯልና ጠጠሩን ሊጥል እጁን ዘረጋ። ልጁ ጣቶቹን መልሳ አጠፈቻቸው።

«ይ... ይሄኛው በ... በነጻ ነው» አለች።

በአራተኛው ቀን ዕቃ ተጭኖ ሞተር ተነሳ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ እ... እኔ የም... የምቀመጠው ከ... ከ...»

የስድስት ዓመቱ መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ያለውን ጠጠር በጣቱ ነካና ጠበቀ። ከኋላዋ የተሰለፉትም ጠበቁ፤ ማንም አልገፋት።

«ከ... ከጓደኞቼ ጋር ነው። ያ... ያኔም እንዲህ ልል ነበር።»

ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደች። ክላክስን ከፋው፤ መንገዱን ሙሉ ከጀርባው ያለችው ባዶ መቀመጫ ከበደችው። «ታመሃል እንዴ?» ብለው ልጆቹ ጠየቁት፣ ድምፁ ስለጠፋ። በመስተዋቱ ሲያይ ልጁ የኋላው ወንበር ላይ ተንበርክካ ስለ አንድ ነገር ታወራለች። በያንዳንዱ ቃል ላይ ትያዛለች፣ ትለቃለች፣ እንደገና ትያዛለች። ቀውላላው አፉን ከፍቶ ይሰማል። ማንም አይጨርስላትም።

የትምህርት ቤቱ በር ታየ። ዘበኛው መዝጊያውን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ ወላጆች አጥሩ ሥር ተሰብስበዋል። ክላክስ በመስተዋቱ አየ፤ ልጁ ገና ወሬዋ መሀል ላይ ናት። ፍሬን አልያዘም። ለወላጆቹ እጁን እያውለበለበ ወደ በሩ ሳይታጠፍ አልፎ ሄደ፣ ቀስ ብሎም ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረ።