የጭላሎ ጉም፣ ከአሰላ

ሰው ሁሉ አንድ ደካማ ጎን አለው፤ የኃይለመስቀል ደካማ ጎን ሬዲዮ ነበር። እንደ ድሮው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ዜና የሚያነበው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ማንም ባልወቀሰው። የእሱ ግን በስልክ ከኢንተርኔት የሚመጣው፣ ቀን ከሌት ዘፈን የማያልቅበት ነው። ስልኩ ላይ የጫነችለት ልጁ ሶፊ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎ፣ አባቷ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ አንጀቷን በላትና፣ «አባዬ፣ እስቲ ይኼን ሞክረው» አለችው። ሞከረው። ከዚያ ወዲያ መዝገብ ቤት ሲቀመጥ እንኳ አንድ ጆሮው ለባለጉዳይ፣ አንድ ጆሮው ለሬዲዮው ሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሃኒ የምትባል ሳቂታ አቅራቢ አለች። አድማጭ የዘፈን ምርጫውን ጽፎ ይልክላታል፤ እሷ መልእክቱን አንብባ፣ አሹፋበትም ቢሆን፣ ዘፈኑን ትጋብዛለች። ኃይለመስቀል መጀመሪያ ሊጽፍ ሲል ሶፊ ስልኩን ነጠቀችው። «በስምህ አትጻፍ! የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ዘፈን መረጠ ተብሎ መሳቂያ ልትሆን ነው?» አለችና ራሷ ስም አወጣችለት፦ የጭላሎ ጉም። ሃኒ ያንን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራች ዕለት አባትና ልጅ ሳሎን መሐል ቆመው አጨበጨቡ። ከሁለቱ በቀር ስሙን የሚያውቅ አልነበረም።

ኃይለመስቀል የሰፈሩ እድር ጸሐፊም ነው። እስከ አምና ድረስ በሰፈሩ ሰው ሲሞት የሚለፍፉት ጋሽ እንደሻው ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በዚያ አጥንት በሚሰብረው የአሰላ ብርድ፣ ጡሩምባቸውን እየነፉ በየመንገዱ ዞረዋል። ታዲያ አምና ኃይለመስቀል ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «በዚህ ዘመን ጡሩምባ ያሳፍራል» አለ። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ፣ ባጃጅ ላይ ተጭኖ የሚዞር፣ ማይክ ያለው ትልቅ ስፒከር ተገዛ። ሽማግሌው ቅር እንዳይላቸው የስፒከሩ ኃላፊ ተባሉ።

«ቀዩን ይጫኑ፣ ማይኩን ይያዙ፣ ይናገሩ። ሌላውን አይንኩት» ብሎ አስተማራቸው።

«ይኼ ዕቃ እኔን አያውቀኝም ልጄ። የሚያውቀው አንተን ነው» አሉ ጋሽ እንደሻው። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ።

በሰኔ መጨረሻ ፊሊጶስ ሞተ። ፊሊጶስ ከአሰላ አቦምሳ ሲመላለስ ዕድሜውን የጨረሰ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ለኃይለመስቀል ደግሞ ከወንድምም በላይ ነበር። የሶፊ እናት ያረፈች ጊዜ መኪናውን አቁሞ፣ አሥራ ሁለት ቀን ድንኳን ውስጥ ከጎኑ ተኝቷል። እንጀራ ከመሶብ አንስቶ ያጎረሰው እሱ ነው። ኃይለመስቀልም በፊሊጶስ ቀብር ዕለት ሬሳውን ተሸክሞ፣ ከልቡ አልቅሶ፣ ድንኳኑ እስኪነሳ ከዚህ ቦታ ንቅንቅ አልልም ብሎ ለራሱ ቃል ገባ።

ቃሉን ጠበቀ፤ ችግሩ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ቅዳሜ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሸራውን ይደበድባል። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ስለ ማዳበሪያ ያወራል። የሃኒ ሰዓት ደረሰ። ኃይለመስቀል ጋቢውን ተከናንቦ፣ ገመድ የሌላትን ማዳመጫ በሱፍ ኮፍያው ሥር ወደ አንድ ጆሮው ከተታት። ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ አለ። ዘፈን ጆሮ ውስጥ ከገባ በኋላ አምስት ደቂቃ የት ያውቃል? ቆይቶ ጣቱ ራሷ በጋቢው ሥር መጻፍ ጀመረች፦

«የተቀመጥኩበት ቦታ ጊዜው አልገፋ ብሎኛል። እንቅልፍ የሚያባርር፣ ወገብ የሚያስፈታ ዘፈን ጋብዙኝ። የጭላሎ ጉም፣ ከአሰላ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ጣት ሲያመልጥም ያው ነው።

የእድሩ ዳኛ ሰኢድ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ከወዲያ ጥግ ተነሳ። «ጋሽ እንደሻው፣ ማሎ፣ እባክዎን፣ ነገ ድንኳኑ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ለሰው ይንገሩልን» አለ። ሽማግሌው ወደ ስፒከሩ ሄደው እንደተማሩት ቀዩን ተጫኑ። ስፒከሩ ሲበራ የሚያውቀውን ስልክ ፈለገ። ያን ዕለት ጠዋት ለጸሎቱ ያገናኘው ኃይለመስቀል ነው፤ ማለያየቱን ረስቶታል። በጆሮው የነበረው ድምፅ ድንገት ጥፍት አለና የሃኒ ሳቅ ድንኳኑን ሞላው።

«...የጭላሎ ጉም፣ ከአሰላ! አንተ ሰውዬ፣ የተቀመጥክበት ቦታ ጊዜው አልገፋ አለህ? እንዴ፣ እንዲህ ያለ ደባሪ ቤት ምን ልታደርግ ገባህ? በል ተነስ፣ ወገብህን ፍታ!»

ከበሮው ወረደ። ጭብጨባው፣ እልልታው ቀጠለ።

«ለሰው ሞት አነሰው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። የፊሊጶስ ሚስት ብርቄ ከሴቶቹ መሐል ቀና አለች። ስታለቅስ ሰንብታ ዓይኗ አብጧል፤ ሰርገኛ ተሳስቶ የገባ መስሏት ይሆን፣ ወደ ድንኳኑ በር ትመለከታለች። ጋሽ እንደሻው ያገኙትን ሁሉ ይነካካሉ፤ በነካኩት ቁጥር እልልታው ይብሳል። ኃይለመስቀልን ላብ አጠመቀው። በጋቢው ሥር የስልኩን ምስጢር ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው ተከፈተለትና ስልኩን ከነነፍሱ አጠፋው። ያን ጊዜ የሽማግሌው ጣት አንድ ቁልፍ ላይ ነበር። ያጠፉት እሳቸው መሰሉ፤ ያጠፉት እሳቸው ከሆኑ ደግሞ ያመጡትም እሳቸው ናቸው።

ድንኳኑ ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ጋሽ እንደሻው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሄደው ብርቄ ጉልበት ላይ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ እጄ ነው ያሳሳተኝ። የማይነካ ነክቼ ሬዲዮ ለቀቅኩብሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞት ስለፍፍ አንድ ቀን ለቀስተኛ አስቀይሜ አላውቅም። በፊሊጶስ ላይ ይኼን ሠራሁ። ይቅር በይኝ።» አለቀሱ። የሰባ ሦስት ዓመት ሰው፣ ሰፈር ሁሉ እያያቸው።

ኃይለመስቀል ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። «እኔ ነኝ» የምትለው ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሳለች። ነገሩ የስልክ ስህተት ብቻ ቢሆን ይናገራት ነበር፤ ይህን ከልቡ ያምናል። ግን ሃኒ መልእክቱን አንብባዋለች። እኔ ነኝ ማለት፣ ጊዜው አልገፋ ያለኝ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ በፊሊጶስ ለቅሶ ላይ፣ በሦስተኛው ቀን። መልሶ ተቀመጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር፤ መሬት ግን እንደዚያ ዓይነት ውለታ አትውልም። ቀና ሲል ሶፊ የንፍሮ ሳህን እንደያዘች ድንኳኑ በር ላይ ቆማለች። የጭላሎ ጉም ማን እንደሆነ ከሰው ሁሉ እሷ ታውቃለች። ተያዩ። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።

እሁድ ድንኳኑ ተነሳ። ጋሽ እንደሻው ከቤታቸው አልወጡም፤ ስፒከሩንም መልሰው ለእድሩ ላኩት። ሶፊ አባቷን ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልጠየቀችውም። ቁርስ ታቀርባለች፣ ወደ ትምህርቷ ትሄዳለች፣ ትመጣለች። ብትጮህበት በወደደ። ሬዲዮውን ከስልኩ ላይ አጠፋው፤ ጭርታው ተመልሶ ቤቱን ያዘ፤ የሥራውን ነው ያገኘው።

ረቡዕ ዕለት መቻል አቃተውና ሽማግሌው ቤት ሄደ። ሊናገር ነው የሄደው፤ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሲያጠና ነበር። ጋሽ እንደሻው ግን በር ላይ ተቀብለው አቀፉት።

«መምጣትህ ደግ ነው። በልጅህ እንዳትቆጣ» አሉት።

«በሶፊ?»

«ድንኳኑ የተነሳ ዕለት አመሻሽ መጣች እኮ፤ አልነገረችህም? ስልኩ የእኔ ነው፣ መልእክቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አየህ፣ እኔ እጄ ተሳስቷል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ገላገለችኝ። ባረክኋት። ለብርቄም ነገርኩላት። ሰኢድ ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ለቅሶ ያወከ በወሩ ስብሰባ ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል አለ። እሁድ ትቆማለች።» ውሃ ቀዱለት። «ወጣት ናት፤ ለቅሶ ቤት ይደብራታል። ትልቅ ሰው ቢሆን ነው የማልምረው።»

ጡሩምባው ከበስተኋላቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ኃይለመስቀል ውሃውን ጠጣ። ያጠናው ቃል ሁሉ ከውሃው ጋር ወደ ታች ወረደ። አመስግኖ ወጣ፤ ሁለተኛ ዝም አለ ማለት ነው። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለው እየሰደበው መሰለው።

ማታ ሶፊን፣ «እኔ ነኝ በይ ያለሽ ማነው?» አላት።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ጋሽ እንደሻው ሲያለቅሱ አይተሃል አይደል?» ሳህኖቹን ማጠቧን አላቋረጠችም። «አንተ እስክትናገር ጠበቅኩህ አባዬ። ድንኳኑ የተነሳ ዕለት እስኪመሽ ድረስ ጠበቅኩህ።»

«እሁድ እኔ እናገራለሁ።»

«እሺ» አለች። ትንሽ ልጅ ነገ አልዋሽም ሲል እሺ እንደሚባለው ነው ያለችው። አላመነችውም፤ እንዳላመነችው ገባው፤ እሱም ራሱን አላመነም።

የእድሩ አዳራሽ ከብርቄ ግቢ ጋር በቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው የሚለያየው። እሁድ ሰው ጢም ብሎ ሞላ። አጀንዳ የሚያነበው ጸሐፊው ነው። ኃይለመስቀል ማይኩን ይዞ አንደኛውን አነበበ፣ ሁለተኛውን አነበበ። ሦስተኛውን በራሱ እጅ ጽፎታል፤ ሰኢድ እንዳለው ነበር የጻፈው። «ሦስት፦ የለቅሶ ሥነ ሥርዓት ስለማወክ። ሶፊ ኃይለመስቀል።»

ሶፊ ከሴቶቹ በኩል ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ሴቶቹ ወደ ጎን ሸሸት አሉላት፤ ከመካከላቸው አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ኃይለመስቀል ያቺን ከንፈር መጣጭ ሰማት። ልጁ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደማት።

«ተቀመጪ» አላት።

«ኦቦ ኃይለመስቀል?» አለ ሰኢድ።

«እሷ አይደለችም። ጋሽ እንደሻውም አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ።» ድምፁ ከጢሙ አላለፈም። ፊተኞቹ ሰምተው ደነገጡ። ከኋላ ግን ጆሯቸው ከበድ ያለው ወይዘሮ በቀለች፣ «ምን አለ? አልሰማንም! ድምፅ ጨምሩለት እንጂ!» ብለው ተቆጡ። ሌሎችም «አልተሰማም! አልተሰማም!» አሉ።

ኃይለመስቀል አንድ ጊዜ መናገር ይበቃል ብሎ ነበር።

ጋሽ እንደሻው ከጥጉ ተነሱ። ቀስ ብለው ወደ ስፒከሩ መጡ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲነኩት የመጀመሪያቸው ነው። ድምፅ የሚጨምረው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ አሁን ያውቃሉ፤ በፊሊጶስ ድንኳን ተምረውታል። እስከ መጨረሻው ጨመሩት። ከዚያ ስፒከሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቱን ከሰዉ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ብርቄ ግቢ አዞሩት።

«አሁን በል» አሉት። አልተቆጡም፤ አልሳቁም።

በመስኮቱ አጥሩ ማዶ ይታያል። ስፒከሩ ሲያፏጭ ብርቄ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ወደ በራፏ ወጣች። ኃይለመስቀል አያት። ሶፊ አሁንም እንደቆመች ነው። ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና የራሱን ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ተመልሶ ሲመጣ እየሰማ ተናገረ።

«የጭላሎ ጉም እኔ ነኝ። የተቀመጥኩበት ቦታ ጊዜው አልገፋ ብሎኛል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተቀመጥኩበት ቦታ የፊሊጶስ ለቅሶ ነበር።»