በረዥም ክንድ የተለካ ጋያ

፫

«ጋያ ነው የምፈልገው» አለች እናንዬ። «የመስታወት።»

ውብሸት ሐምራዊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና አያት። ነጠላዋን አየ፣ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አየ፣ ከኋላዋ የቆመችውን ልጇን ቢፍቱን አየ።

«እትዬ፣ ቤት ተሳስተው እንዳይሆን። መነጽር ቤቱ ከጋራዡ ማዶ ነው።»

«አልተሳሳትኩም። የማጨሻ ዕቃ በትእዛዝ የምትሠራው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ሥራልኝ።»

ቦታው ጉለሌ ነው፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለ ቆርቆሮ ቤት። ውብሸት ድሮ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቤተ ሙከራ ጠርሙስ ይሠራ ነበር። አሁን ሰዎች ሥዕል እየላኩ የመስታወት ፒፓ ያሠሩታል፤ እንዲህ ያለ ቀለም፣ እንዲህ ያለ አንገት እያሉ። አንዱ ዓሣ የሚመስል አሠርቷል። መደርደሪያው ላይ ተኮልኩለዋል። እናንዬ ወደዚያ ላለማየት መሬት መሬት ታያለች።

«ለማን ነው?» አላት።

«ለአማቴ።»

ውብሸት ሳቀ። ቢፍቱም ሳቀች።

እናንዬ አልሳቀችም።


፩

ከሦስት የጀመርኩት መቁጠር አቅቶኝ አይደለም። እናንዬን እዚያ በር ላይ ቆማ ካላያችኋት አንድና ሁለትን በጥሞና አትሰሙኝም ብዬ ነው።

አዴ ጋዲሴ የባሏ እናት ናቸው። ከጎሬ ወዲያ ካለ ገጠር ልጃቸውን ተከትለው አዲስ አበባ ገቡ፤ ልጃቸው ሲሞት ከምራታቸው ጋር ቀሩ። ሰባ ዓመት ሙሉ ጋያ አጭሰዋል።

ጋያ ለማታውቁ፦ ረዥም አንገት ያለው ቅል ነው። ሆዱ ውሃ ይይዛል። ሆዱ ላይ ሸንበቆ ይተከላል፣ ሸንበቆው ጫፍ ላይ የሸክላ ራስ ይቀመጣል፤ ትንባሆውና ፍሙ እዚያ ነው። በአንገቱ ሲሳብ ጭሱ በውሃው አልፎ ይመጣል። ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

እናንዬ ደግሞ የጎጃም ልጅ ናት። ቆራቢ ናት። ትንባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ በቀለ ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው።

አርባ አንድ ዓመት አንድ ቤት ኖሩ።

«ይሄ ቅል እኮ መልአክ ያርቃል» ትላለች እናንዬ።

«መልአክሽ ሳል አለበት?» ይላሉ አዴ።


፪

ቅሉን የሰበረችው እናንዬ ናት።

ከስምንት ዓመት በፊት ነው፣ በሑዳዴ። አዴ ለቅሶ ሄደው ነበር። ከደረጃው ድንጋይ ጋር አጋጨችው፣ ስብርባሪውን በፌስታል ቋጥራ ወንዝ ጣለችው። አዴ ሲመጡ «አይጥ ከመደርደሪያው ጥሎት ነው» አለች።

የሸክላው ራስ ለብቻው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ስለነበር ተረፈ። አዴ አነሱት፣ በጨርቅ ጠቀለሉት።

«አይጥ» አሉ።

ሌላ ጋያ አልገዙም።

ይህን ነገር እናንዬ ለንስሐ አባቷ ለአባ ገብረ ሕይወት ነግራ አታውቅም። የደበቀችው አይደለም። ጽድቅ ነበር የመሰላት።

አሁን አዴ አልጋ ይዘዋል። ሐኪሙ ቢፍቱን ወደ ጥግ ጠርቶ «ሳምንት ነው፣ ቢበዛ ሁለት» ብሏታል። ባለፈው ማክሰኞ እናንዬ ገላቸውን ስታጥባቸው፣ ስምንት ዓመት ያልጠየቁትን ጠየቁ።

«ጋያዬ የታለ?»

መርካቶ ቅል ሞልቷል። ግን አዲስ ቅል ይመራል፤ ውሃው እየተቀየረለት፣ እየታጠነ፣ ሁለት ወር ይፈልጋል። አዴ ሁለት ወር የላቸውም። «መስታወት አይመርም» ያለችው ቢፍቱ ናት። ውብሸትንም በስልኳ ፈልጋ ያገኘችው እሷ ናት።


፬

የትእዛዝ ቅጽ
(ቢፍቱ ጻፈች፣ እናንዬ ነገረች)

የደንበኛ ስም፦ እናንዬ ዘለቀ

የዕቃው ዓይነት፦ ጋያ

ቀለም፦ የለውም። («ትንሽ ሰማያዊ ብጨምርበት ያምራል» አላት። «ለሠርግ አይደለም» አለችው።)

የሆዱ መጠን፦ ሁለት ኩባያ ውሃ

ራስ፦ የሸክላ፣ ከቤት የመጣ። በእሱ ልክ ይሠራ።

የአንገቱ ርዝመት፦ ክንድ ተኩል

የሚፈለግበት ቀን፦ ቶሎ

ልዩ ማሳሰቢያ፦ በሠሪው ክንድ ይለካ


፭

ማሳሰቢያው እንዴት እንደገባ፦

ውብሸት፦ ክንድ ተኩል ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?

እናንዬ፦ ክንድ ክንድ ነው።

ውብሸት፦ የማን ክንድ?

እናንዬ፦ ያንተ።

ቢፍቱ፦ እማዬ፣ የሚያጨሱት እኮ አዴ ናቸው።

እናንዬ፦ ዝም በይ አንቺ። ክንዱን አታዪም?

ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ገበያ ያደገ ሰው እናንዬን አይፈርድባትም። እነሱ አገር ገበያ ሲወጣ ከዘመድ መሃል ረዥሙ ሰው ተመርጦ ይወሰዳል፤ አሥር ክንድ ሲባል በእሱ ክንድ ነው። የእናንዬ እናት አጎቷን ሳይዙ ቡልኮ ገዝተው አያውቁም። ውብሸት ደግሞ ቁመቱ የስልክ እንጨት ነው። እንዲህ ያለ ክንድ አግኝታ ልታልፍ ነው?

በሚያጨሰው ሰው አፍና እጅ ልክ ሊለካ የሚገባው ዕቃ መሆኑን አላሰበችም። እኔም እዚያ ብሆን አላስብም ነበር።


፮

እስቲ ለትንሽ ጊዜ ውብሸትን ሁኑ።

መነጽሩን አድርጉ፤ ያለ እሱ ብጫው ነበልባል ዓይን ይጋርዳል። እሳት የሚችለውን የመስታወት ቱቦ እንደ አገዳ በሁለት እጅ ያዙ። ነበልባሉ ላይ አድርጋችሁ አሽከርክሩ። ግራና ቀኝ እጅ እኩል ይዙሩ፤ አንዱ ከቀደመ መስታወቱ እንደ ተጨመቀ ፎጣ ይጠመዘዛል።

ብርቱካን ሲመስል፣ እንደ ማር ሊንጠባጠብ ሲል፣ ከእሳቱ አውጡት።

ንፉ።

ጫፉ ላይ በተሰካው ጎማ፣ በአፋችሁ። ጉንጭ ሞልቶ አይደለም። ሕፃን ዓይኑ ውስጥ ጉድፍ ሲገባ እፍ እንደሚባልለት። ሆዱ እያበጠ ይመጣል።

ሸንበቆው የሚቆምበትን ቦታ በቀጭን ነበልባል አንድ ነጥብ ላይ አግሉትና ንፉ፤ ይበሳል። በሸንበቆው ፈንታ ሌላ ቀጭን ቱቦ ግርጌው ውሃው ውስጥ እስኪገባ አሳልፋችሁ እዚያ ላይ አጣብቁ። መጋጠሚያው እስኪጠፋ እሳት ስጡት።

አንገቱን ለኩ። ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። ከዚያ ግማሽ።

ከዚያ ምድጃ ውስጥ አስገቡትና ተዉት። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። መስታወት ውጪው ቶሎ ይበርዳል፣ ውስጡ ይዘገያል። ውስጥና ውጪው ሳይስማሙ ካወጣችሁት፣ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል። እስከ ማግስቱ ቀስ እያለ ይብረድ።

አበቃ። ወደ ራሳችሁ ተመለሱ።


፯

ቀጠሮው ለዓርብ ነበር። እናንዬ ሐሙስ መጣች።

«ደርሷል?»

«ምድጃ ውስጥ ነው። ነገ።»

«ዛሬ ጧት ውሃም እንቢ አሉ። አሳየኝ።»

«ማሳየት ማለት መክፈት ነው፣ እትዬ።»

«በትንሹ ክፈተው።»

ውብሸት የራሱ እናት ትዝ አለችው መሰለኝ። በትንሹ ከፈተው።

ጧ።


፰

ሁለቱም ቆመው አዩት። ሆዱ ለሁለት ሄዷል።

«እኔ ነኝ ያስከፈትኩህ» አለች።

«የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሰውዬ።»

«ይሄ ሁለተኛዬ ነው።»

ውብሸት ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ወንበር ሰጣት፣ አዲስ ቱቦ አወረደ፣ ችቦውን ለኮሰ።

«ትንባሆ የሚጸየፍ ሰው ለምን ጋያ ያሠራል?» አላት ጀርባውን እንደሰጣት።

«የወሰድኩባቸው ነገር አለ። ሳይሞቱ ልመልስላቸው ነው።»

«እንግዲያው ነገ አይምጡ። ቅዳሜ ይምጡ። ይብረድበት።»

በማግስቱ አልመጣችም። ዓርብን እንዴት እንዳሳለፈች ልጽፍ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም አጠፋሁት። አዴ ቢሞቱባትስ? ዓርብ ማለት ይኼው ነው።


፱

አልሞቱም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አዴ በሦስት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቢፍቱ ውሃውን ሞላች። የሸክላው ራስ ከጨርቁ ወጥቶ ቦታው ላይ ልክክ አለ። ትንባሆውን ከመርካቶ ቢፍቱ አምጥታዋለች፣ ፍሙን በጉጠት እናንዬ። እስከዚህ ድረስ እሺ ብላለች፤ ፍም ማቀበል ማጨስ አይደለም።

አዴ መስታወቱን ጭናቸው ላይ አቁመው ዳበሱት።

«ይሄ የሆስፒታል ዕቃ ነው» አሉ።

«ጋያ ነው፣ አዴ» አለች ቢፍቱ።

አንገቱን አፋቸው ላይ አደረጉና ፍሙን ሊያስተካክሉ እጃቸውን ዘረጉ። አልደረሰም። ስንዝር ቀረው። ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ አንገቱም አብሮ ሄደ። አሁንም ስንዝር ቀረው።

«ማነው የለካው?»

«ሠሪው» አለች እናንዬ። «በክንዱ።»

«ማን አለው?»

«እኔ።»

«እኔ ቀጭኔ ነኝ?»

ቢፍቱ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

አዴ እንዲሁ ሳቡት። ውሃው አልነቃነቅ አለ። ረዥም አንገት ረዥም ትንፋሽ ይፈልጋል፣ የሳቸው ትንፋሽ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ደግመው ሳቡ። ፍሙ አመድ ይለብስ ጀመር።

«እኔ ላስጀምርልዎት» አለች ቢፍቱ።

«ተይው።»

በአዴ ቤት ልማድ ጋያ የምትለኩሰው ምራት ናት። ፍሙን ታደርጋለች፣ እስኪይዝ ሁለት ሦስቴ ትስባለች፣ አንገቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ለአማቷ ትሰጣለች። አዴ በጊዜያቸው አድርገውታል። እናንዬ ሙሽራ ሆና የገባች ሰሞን «አላደርገውም» አለች፤ አዴም አላስገደዱ። ይኼው ቅሉ እስኪሰበር ሠላሳ ሦስት ዓመት ለራሳቸው ሲለኩሱ ኖሩ።

አዴ አንገቱን ወደ እናንዬ አዞሩት። ቁጣ ፊታቸው ላይ የለም።

«አይጧ ትለኩሰው» አሉ።


፲








(ይህን ቦታ የተውኩት እናንዬ የቆመችበት ስለሆነ ነው። ፍም አመድ እስኪለብስ ምን ያህል እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። ያን ያህል ነው የቆመችው።)


፲፩

አማተበች። ሳበች።

ውሃው ተንቡለቀለቀ። ፍሙ ቀላ። ከቀጭኑ ቱቦ ግርጌ ነጭ ነገር ወጣ፣ በውሃው ውስጥ እየተንከባለለ ወደ ላይ መጣ፣ ሆዱን ሞላው። እንደ ወተት።

እናንዬ አሳላት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ደግማ ሳበች፣ አልያዘም ነበርና። ሦስተኛው ላይ ያዘ።

አዴ እሷን አይደለም የሚያዩት። መስታወቱን ነው። ቅል አያሳይም፤ ሰባ ዓመት ሙሉ ጭሱ ከአፋቸው ሲወጣ እንጂ ሲመጣ አይተውት አያውቁም።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉ።

እናንዬ አንገቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠቻቸው። የሸክላውን ራስ ከሥሩ በሁለት እጇ ደግፋ ተንበረከከች፤ አለዚያ የአዴ እጅ አይደርስበትም። አዴ ሁለቴ ሳቡ። ሁለቴም ውሃው ተናገረ።

«በቃኝ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን እናንዬ ሻሽ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ይቅር አልኩሽ አላሉም። እኔም አሉ ብዬ አልጽፍም።


፲፪

አዴ ያረፉት በቀጣዩ ሰኞ ነው። የሚከተለው ከአርባቸው በኋላ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ጥዱ ሥር።

አባ ገብረ ሕይወት፦ ለመሆኑ ምነው ጠፋሽ? ቁርባኑንም ተውሽው።

እናንዬ፦ ለመናገር አልደፈርኩም፣ አባቴ።

አባ ገብረ ሕይወት፦ ብዙ ነው?

እናንዬ፦ ሁለት ነገር አድርጌያለሁ።

አባ ገብረ ሕይወት፦ ሁለቱንም ንገሪኝ።

እናንዬ፦ አርባ ቀን ሙሉ ሳመዛዝነው ነበር። አንደኛውን ኃጢአት ነው ብዬ ልንበረከክበት አልቻልኩም። ኃጢአቱ አንዱ ብቻ ነው።

አባ ገብረ ሕይወት፦ የትኛው ነው?

እናንዬ፦ በአይጥ ያሳበብኩት።