መቶ አሥራ ሁለተኛው ድንጋይ

ባለቤቴ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ልጄ ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመች ደግሞ ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። ዓርብ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ወደምሠራበት የሸሚዝ ፋብሪካ ደወሉ።

«እናት፣ እስከ ሰኞ ካልመጣች ስሟ ይሰረዛል። እኔም አለቃ አለብኝ፤ ከዚህ በላይ ልታገሥ አልችልም» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ወደ ቦታዬ ተመልሼ የአንገቱን ቁልፍ እጅጌው ላይ ሰፋሁት። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ።

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ትውላለች። የምትጫወተው ጎ የሚባል ጨዋታ ነው። ጨዋታውን ቤታችን ያስገባው አባቷ ነበር። ሴራሚክ አንጣፊ ነበርና፣ ወለል ሊያነጥፍ ከሄደበት ቤት አባወራውና ልጃቸው ሲጫወቱ አይቶ ወደደው። ከሥራ የተረፈች ጣውላ አምጥቶ፣ ሴራሚክ በሚለካበት እርሳስ አሥራ ዘጠኝ መስመር ወደ ታች፣ አሥራ ዘጠኝ ወደ ጎን አሰመረባት። ድንጋይ አልነበረንምና እኔ ከፋብሪካ የተጣሉ ጥቁርና ነጭ ቁልፎች ለቅሜ አመጣሁ። ሕጉ ቀላል ነው፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ይይዝና በየተራ መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ያስቀምጣሉ። ዙሪያውን የተከበበ ይነሳል። ሰፊ ቦታ ያጠረ ያሸንፋል። እኔ ጥግ ጥጉን ስለምወድ ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። ማን እንዳሸነፈ የምትቆጥርልን ልጃችን ነበረችና አባቷ «ዳኛዬ» ይላት ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ሁለታችንንም እያከታተለች ትረታን ጀመር። «ከእናንተ ጋር መጫወት ሕፃን መደብደብ ነው» አለችን። አባቷ ስቆ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛላት። እሷም ጎ የሚጫወት ፕሮግራም ጫነችበት። ይህ ፕሮግራም መጫወት ብቻ አይደለም፤ ጨዋታው ሲያልቅ ይፈርዳል። ከመጀመሪያው ድንጋይ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ መርምሮ፣ ስህተት የሆነውን በቀይ፣ ጥሩውን በአረንጓዴ ይከባል። ተጫዋቿ እኔ ብሆን ሰሌዳው በሙሉ በርበሬ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቼ ስገባ እዚያው ናት። መጋረጃው አልተከፈተም። ጠዋት ያስቀመጥኩላት ዳቦ እንደተቀመጠ ደርቋል።

«ይሄ ኮምፒውተር አግብቶሻል እንዴ?» አልኳት።

«እማዬ፣ ተይኝ።»

«ሽማግሌ ሳይልክ!»

አልሳቀችም። ሻይ አፍልቼ አጠገቧ አስቀመጥኩ፤ ዱካ ስቤም ጎኗ ተቀመጥኩ። ሰኞን እንዴት ብዬ እንደማነሳ ሳሰላስል ስክሪኑን አየሁ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። እየተጫወተች አልነበረም። ያለቀ ጨዋታ ከፍታ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ታስኬዳለች። አንድ ቦታ ስትደርስ ትቆምና ፕሮግራሙን ታስመረምረዋለች። ፕሮግራሙ ጥቂት ያስብና ድንጋዩን በአረንጓዴ ይከበዋል። ወደኋላ ትመልሰዋለች። እንደገና ታስመረምራለች። እንደገና አረንጓዴ።

«ይሄን ጨዋታ ትናንትም ከፍተሽው ነበር» አልኳት።

«ሌላ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ በቀን አራት መቶ ሸሚዝ በእጄ የሚያልፍ ሰው ነኝ። አንዱን ካንዱ እለያለሁ።»

ድንጋዩን አሁንም ወደኋላ መለሰችው። እኔም ከላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። ከሥራ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን የጎልማሶች ትምህርት እማራለሁ፤ ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆኖኛል። የፋብሪካው ዘበኛ ደብተሬን ባየ ቁጥር «ሥራ አስኪያጅ ስትሆኚ እንዳትረሽኝ!» ይለኛል። እኔም «አንተን ነው መጀመሪያ የማባርር» እለዋለሁ። ለምን እንደምማር ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ከጨዋታው በላይ ቀን ተጽፏል። ቀስ ብዬ አነበብኩት። እሑድ ይላል። ከዚያ ወሩና ቀኑ። አባቷ የሞተበት ቀን ነው።

«ያን ቀን የተጫወትሽው ነው» አልኳት።

ዘወር ብላ አየችኝ። ማንበብ መቻሌን የረሳችው ይመስለኛል። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች።

«መቶ አሥራ ሁለተኛው ድንጋይ ነው» አለች በጣቷ እያሳየችኝ። «አባዬ የጠራኝ እሱን የት እንደማስቀምጥ ሳስብ ነው። ‹ዳኛዬ፣ ነይ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ› አለኝ። ‹ቆይ አባዬ፣ አንድ ድንጋይ ብቻ› አልኩት። አንድ አልነበረም እማዬ። እስኪያልቅ ድረስ ነው የተጫወትኩት። ሃያ ደቂቃ። ስሄድ...»

ስትሄድ የሆነውን አውቀዋለሁ። ጩኸቷን ሰምቼ ከነሳሙና እጄ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

«አንድ ቀን እንኳ ቀይ ቢያደርገው» አለች። «ሌላውን ጨዋታዬን ሁሉ ቀይ በቀይ ያደርገዋል። ይሄን ግን በስንት መንገድ አስመረመርኩት፣ ረጅም ሰዓት ሰጠሁት። ጥሩ ነው ይላል። ከጨዋታው ሁሉ ምርጡ እሱ ነው ይላል! ምኑ ነው ጥሩ?»

ልጄ ፍርድ ስትለምን እንደከረመች ያን ጊዜ ገባኝ። የሚፈርድባት ብታጣ ነው ማሽን ደጅ የምትጠናው። ፍርድ የሚገባው ሌላ ሰው ደግሞ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀምጧል።

ተነስቼ የስፌት ሣጥኔን አመጣሁ። ከክሮቹ ሥር በአራት የታጠፈች ወረቀት አለች። በሞተ ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ባለቤቴን ደረቱን ወጋ አድርጎት ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሰጡት ናት። መነጽሩ ተሰብሮ ስለነበር ማንበብ አልቻለም፤ እኔ ደግሞ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

«እሺ አሁን እኔን ስሚኝ» አልኳት። «ቆይ ስትይው ወረቀቷን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። ‹ከዚህ ሁሉ ቤተሰብ አንድ የሚያነብ ይጥፋ?› ብሎ ቀለደብኝ። ደረቱን በእጁ ይዞ ነበር፤ አይቻለሁ። እኔ ግን አለማንበቤን ሲያነሳብኝ አፈርኩና ተናደድኩ። ‹ትጨርስ ተዋት፤ ወረቀቱ የትም አይሄድ› አልኩት። እሱም ሄዶ ጋደም አለ። አንቺ ሃያ ደቂቃ ብታቆዪው፣ እንዲቆይ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

እጄ ላይ ያለችውን ወረቀት አየቻት።

«ምን ይላል ወረቀቱ?»

«አላውቅም።»

«ስድስት ወር ሙሉ እየተማርሽ?»

«ለሷ ብዬ ነው የተማርኩት። ማንበብ ስችል ደግሞ ፈራኋት።»

እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም። «እኔ ላንብብ» አልኳትና ከፈትኩት። የባለቤቴ ስም አለ፤ ዕድሜው አለ። ከዚያ የመድኃኒቱ ስም፣ እሱን መጥራት አቅቶኝ ዘለልኩት። የማክሰኞ ቀጠሮ አለ። ከታች አንድ መስመር ቀረች። ጮክ ብዬ እያነበብኩ ሳለ፣ ከተማርኩ ወዲህ ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነብኝ፤ ዓይኔ ከአፌ ቀደመ። ገና ሳልናገረው ምን እንደሚል አወቅሁት።

እውነቱን ልናገር፣ ልዋሽ ከጅሎኝ ነበር። «በደህና ይቆዩ ነው የሚለው» ብዬ አጥፌ ብመልሰው ትቀበለኝ ይሆናል። ግን ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ ያወቅሁትም ፊደል የስድስት ወር ነው፤ በሁለቱ መሐል ውሸት ማስገባት አስጠላኝ።

«‹የደረት ሕመሙ ከተመለሰ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ይምጡ›» ብዬ አነበብኩላት።

ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እኔም አቀፍኳት። እንደ ቀብሩ ቀን ሳይሆን፣ ሰው ሳይሰማን፣ ዝግ ብለን አለቀስን። ሻዩ በረደ።

«በሃያ ደቂቃ ይተርፍ ነበር?» አለችኝ፣ ፊቷን ከክንዷ ሳታነሳ።

«አላውቅም የኔ እናት።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም። ይሄም አያውቅም» አልኳት ኮምፒውተሩን እያሳየሁ። «እሱ የጠየቅሽውን ነው የሚመልስልሽ። ድንጋዩ ጥሩ ነው ወይ አልሽው፤ ጥሩ ነው አለሽ። አባትሽ መቼ ሰሌዳው ላይ ነበር?»

ቀና ብላ ስክሪኑን አየችው። ከዚያ ጨዋታውን አልሰረዘችውም፤ ዘጋችው ብቻ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣውላዋን ከአልጋ ሥር አወጣኋት። አቧራዋን ጠርጌ ቁልፎቹን ዘረገፍኳቸው። ልጄ ትንሽ አንገራግራ ነጩን ያዘች። እኔ ጥቁሩን ይዤ የመጀመሪያ ድንጋዬን ከጥጉ ጥግ፣ ሁለቱ መስመሮች የሚያልቁበት ላይ አኖርኩት።

«እማዬ! እዚያ ይጀመራል እንዴ? ይሄን ፕሮግራሙ ቢያይ ይታመማል።»

«አባትሽም እንዲሁ ይለኝ ነበር፤ ‹ሃያ ጊዜ ተሸንፈሽም አትማሪም› እያለ።»

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ሳቅ አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፣ እንደ ጥፋት። «ሳቂ» አልኳት። አልደገመችውም። ግን ተጫወተች፤ አሸነፈችኝም፤ ስንት ቦታ እንዳጠርኩ ስትቆጥርልኝ ድምጿ የድሮው ዳኛ ድምፅ ነበር።

«ነገ ሰኞ ነው» አልኳት ቁልፎቹን ስንለቅም።

«አውቃለሁ።»

ከዚያ በላይ አልገፋሁም።

ጠዋት ስነሳ የደንብ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ቀሚሱ ሰፍቷታል፤ ከስታለች። እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ አብሬያት ሄድኩ፤ አትምጪ አላለችኝም። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ወረቀቱን አትጣዪው» አለችኝ።

«አልጥለውም።»

«እኔም ማንበብ እፈልጋለሁ። አሁን አይደለም። ሌላ ቀን።»

«ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ ከክሮቹ ሥር» አልኳት።

ገባች። ግቢውን አቋርጣ ከክፍሏ በር እስክትደርስ ቆሜ አየኋት። ከዚያ ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ ሩብ ሰዓት አርፍጄ ነበር፤ ዘበኛውም ደብተሬን አይቶ የሚቀልደውን ጀመረና፣ ፊቴን ሲያይ ተወው።