ምስር ስትለቅም የተቀዳው

አልበሜ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ደክሞኝ ነበር። በእንቅልፍ የሚለቅ ድካም አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ «ግን ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?» ሲሉኝ የተጠራቀመ ነው። ቀን ቀን ላፍቶ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። በተረፈኝ ሰዓት ክራርን ከሲንተሳይዘር፣ የታክሲ ረዳቶችን ጥሪ ከከበሮ ጋር ሳዳቅል ኖርኩ። አልበሙን የሚያሰራጭልኝ ድረ ገጽ ከአንድ ዓይነት በላይ አላስመርጥ ሲለኝ «ኤሌክትሮኒክ» ብዬ ተገላገልኩ። በእኛ ቤት ግን ያለው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ መዝሙርና ዘፈን። ዘፈን ደጅ ይቀራል።

እናቴ ተሾመች ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ ፉሪ ላይ ቤት እስክትሠራ ያልሸጠችው ነገር የለም። ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ዘፈን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ እሷ እንደዚያ ትላለች፣ እኔም አምኜ ነው ያደግኩት። ቅዳሜ ጠዋት ምስር ስትለቅም ታንጎራጉራለች፤ ቃል የሌለው፣ ሄዶ ሄዶ የሚመለስ ዜማ። አንድ ቀን ስልኬን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ቀዳኋት። ጠጠሩን ጣሳ ውስጥ ስትጥል ቋ የሚለውን ምት አደረግኩት፤ ከሥሩ ወፍራም ቤዝ አስገባሁ። አላስፈቀድኳትም። መዝሙር ስለሆነ ደስ ይላታል ብዬ ስሙንም «የእማ መዝሙር» አልኩት።

ሙዚቃዬን ሚክስ የሚያደርግልኝ ልጅ፣ ታሪኩ፣ አፉ አያርፍም። መካኒሳ አቦ ባለችው፣ ግድግዳዋን ፍራሽ ባለበሳት ክፍሉ ይህን ሲሰማ ግን ወሬውን ትቶ ሦስቴ ደጋግሞ ከፈተው።

«ሄርሚ፣ አልበሙ ይሄ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ሌላው ማጀቢያ ነው።»

እውነቱን ነበር፤ ስለዚህም ተናደድኩ። አራት ዓመት የለፋሁባቸው ሰባቱ ሥራዎች ቁጭ ብለው በአንድ ጠዋት የተቀዳችው ስምንተኛዋ በለጠቻቸው።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ሄድፎኑን እናቴ ጆሮ ላይ አደረግኩላት። ፈገግ አለች። ጣቷ ጉልበቷን ይመታ ጀመር። ከዚያ ጣቷ ቆመ፤ ሄድፎኑን እንደሚፋጅ ድስት በሁለት እጇ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«አንቺ ነሻ እማ! ምስር ስትለቅሚ ሁልጊዜ የምትዪው መዝሙር።»

«መዝሙር አይደለም።» ድምጿ ወረደ። «ልጆች ሆነን ገበያ ስንወርድ የምንዘፍነው ነው። እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ማኑሄ ለሚባል ልጅ።»

አባቴ ነጋ ነው የሚባለው።

«ጌታን የተቀበልኩ ቀን ጉባኤ ፊት ቆሜ ዘፈን በቃኝ ብያለሁ» አለች። «ሠላሳ ስምንት ዓመት! አፌ ሲዘፍን ኖሮ እኔ አላውቅም?»

«ቃል እኮ የለውም እማ፤ ማን ያውቀዋል?»

«የጸሎት ቡድኔ ግማሹ የሀገሬ ሰው ነው። ልጅሽ ሙዚቃ አወጣች ብለው ይከፍቱታል። እሁድ አጠገባቸው በምን ዓይኔ እቀመጣለሁ? አጥፊልኝ ልጄ፣ እባክሽ።»

እናቴ ለምናኝ አታውቅም። እኔ ግን ጮህኩባት። አንድ ጥሩ ነገር ብሠራ እሱንም ልትነጥቂኝ ነው ብዬ። ቁጣውም ሳይቆይ ደከመኝ።

ታሪኩ ደግሞ «ድምጿን አወፍሪው፣ ስሙን ቀይሪው፣ ማን ነቅቶ?» አለኝ። ረቡዕ ሞከርኩት። አወፈርኩት፣ አቀጠንኩት፣ ገለበጥኩት፤ ምንም ባደርገው እናቴ ናት። ሐሙስ ከአልበሙ አወጣሁት።

ዓርብ ሰባቱ ወጡ። ጓደኞቼ «አሪፍ ነው» ብለው ጻፉልኝ፤ አሪፍ ነው ማለት ገና አልሰማሁትም ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የራሴን አልበም ከፍቼ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስሯን ትለቅማለች። ጠጠር ጣሳው ውስጥ ይወድቃል፤ ቋ። ቆይቶ ደግሞ፤ ቋ። ሌላ ድምፅ የለም። ከንፈሯን ግጥም አድርጋዋለች። ቤቱ እንደዚያ ጭር ብሎ አይቼው ስለማላውቅ ጨነቀኝ።

«እማ፣ መዝሙር በይ እንጂ» አልኳት። «የፈለግሽውን፤ የእሁዱን።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ቁጣ የላትም።

«አፌን አላምነውም ልጄ» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።