ባዶውን የማይመለስ ሳህን

«ቪንቴጅ ነው፣ አክስቴ!» አለችኝ ሩፈይዳ።

የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ዩምና ስትሞት ገና አምስት ዓመቷ ስለነበር ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ለሰርጓ ምሳ ስልሳ ሳህን ትፈልጋለች፤ ሁለቱ እንኳ የማይመሳሰሉ፣ አሮጌ፣ ሰው ሲበላባቸው የኖሩ። እኔ ጅማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ከተማው በሳህን አከራይ ተሞልቶ ሳለ እንግዳ ፊት ዝንጉርጉር ልደርድር?

«ሰው ምን ይላል? ከየጎረቤቱ ለቃቅመው አበሉን አይልም?»

«ይበል። ውበቱ እሱ ነው።»

ተናደድኩ። ግን ይቺ ልጅ ስትለምን አንገቷን ዘንበል የምታደርገው ልክ እንደ እናቷ ነው፤ እዚያ ላይ አቅም የለኝም።

መጀመሪያ ሰቃ ሄድን። ቤት ለቤት እየዞርን አሮጌ ሳህን የሚሸጥልን ስንጠይቅ ሴቶቹ ሳቁብን። አንዷማ «የኔን ሁሉ ውሰዱና አዲስ ግዙልኝ» አለች። ሩፈይዳ ሳህን ባነሳች ቁጥር መጀመሪያ ትገለብጠዋለች። አበባውን ሳታይ ሥሩን ታያለች። የፋብሪካውን ስም የምትፈልግ መስሎኝ «ሰው የሚበላው ከላይ ነው እኮ» ብዬ ቀለድኩባት። እሷ ግን አልሳቀችም።

የገባኝ አሰንዳቦ ላይ ነው። አንዲት ባለሱቅ ከመደርደሪያ ሥር ያወጣችው ሳህን ከበስተጀርባው አረንጓዴ ነጥብ ነበረበት። ሩፈይዳ ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረችው። አቧራውን በአውራ ጣቷ ጠረገችና «አንድ ብቻ ነው» ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

እኛ ሰፈር ሳህን ለሰርግም ለለቅሶም ይዋዋሳል። እንዳይቀላቀል ሁሉም ሴት ከሥሩ በጥፍር ቀለም ምልክት ታደርግበታለች። የዩምና ምልክት ሁለት አረንጓዴ ነጥብ ነበር። ሩፈይዳ ከእናቷ የምታስታውሰው ይህንኑ ብቻ ነው፤ እናቷ ሳህኖቹን ነጥብ በነጥብ ስታደርግ፣ ከዚያ የተረፈውን ቀለም የእሷን የአውራ ጣት ጥፍር ስትቀባላት።

ልጄ ለካ የእናቷን ሳህን ነው የምትፈልገው። እኔ ደግሞ ሳህኖቹን ለልዋጭ የሰጠኋቸው ራሴ ነኝ፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መጀመሪያ ሆዴ ባባ፣ ቀጥሎ ፈራሁ። ካወቀች የምትጠላኝ መሰለኝ።

ስለዚህ ሸቤ መሄድ አልፈለግኩም። እዚያ ያሉት አሮጊት፣ አዴ ለጢፋ፣ ድሮ ጅማ ሳሉ የዩምና ጎረቤት ነበሩ። ደከመኝ አልኩ፣ ወገቤን አልኩ፣ አልሰማችኝም።

አዴ ለጢፋ በራቸው ላይ ሆነው ሩፈይዳን አገላብጠው አዩዋት። «ዋይ! ዩምናን ነው የማየው። ግቢ ኢንተላ ኮ፣ ግቢ ልጄ፣ ማሎ ግቢ!»

የመጣንበትን ስትነግራቸው ወደ ጓዳ ገቡና በሻሽ የተጠቀለለ ሳህን ይዘው ወጡ። ጠርዙ ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ ጽጌረዳ። ሩፈይዳ ገለበጠችው። ሁለት አረንጓዴ ነጥብ።

«ረመዳን ላይ ሳምቡሳ ልካልኝ ነበር» አሉ አዴ ለጢፋ። «ባዶውን እንዴት ልመልስ? ደህና ነገር እስክሠራ ስል ታመመች። ከዚያ አላህ ወሰዳት። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሳፍርበት የኖርኩ ሳህን ነው።»

ሩፈይዳ ሳህኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው። አሮጊቷ ግን እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው። አሁንም ባዶውን አልሰጥም። ለሰርግሽ ሞልቼ አመጣልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ከደርዘኑ የቀሩት አሥራ አንዱስ? አንቺ ጋ አይደል፣ ሳሊሀ?»

ተሰበሩ ማለት ቀላል ነበር። ሩፈይዳ ግን እያየችኝ ነው።

«ለልዋጭ ሰጠኋቸው» አልኩ። «ልጅቷ በነሱ ካልሆነ አልበላም ትላለች፤ በነሱ ስትበላ ደግሞ እማ የት አለች ትለኛለች። ለኔም እኮ እህቴ ናት! ምን ልበላት? አንድ ቀን ልዋጩ በበር ሲያልፍ ጠራሁትና ሁሉንም በሳፋ ቀየርኩ።»

«በየትኛው ሳፋ?» አለች ሩፈይዳ።

«በሰማያዊው።»

«እኔን ታጥቢኝ በነበረው?»

«በሱ።»

ተነስታ የገዛናቸውን ሳህኖች ሰበሰበች። እስከ ጅማ ድረስ ሳህኖቹ ጭናችን ላይ ሲንኳኩ እሷ በሚኒባሱ መስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ለስድብ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ ዝምታ ግን አልችልም። እስከ ሰርጉ ያሉትን ሁለት ሳምንታት «ደህና አደርሽ» እና «ደህና እደሪ» ብቻ ተባብለን ከረምን። ልጄን ገና ሳልድራት ያጣኋት መሰለኝ።

የሰርጉ ዕለት ስልሳው ሳህን ተደረደረ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። የሚገርመው፣ ሴቶቹ በልተው ሲጨርሱ በለመደ እጃቸው እየገለበጡ የማን እንደሆነ ሲፈልጉ፣ «ይሄ የእናቴ ነው»፣ «የለም የኔ ነው» እየተባባሉ ሲሳሳቁ ዋሉ። ለቃቅመው አበሉን ያለ አልሰማሁም።

አዴ ለጢፋ ሳህኑን በቅቤ በታሸ የገብስ ጭኮ ሞልተው፣ ቅቤው ከላይ እስኪተኛ ድረስ፣ በሙሽራዋ እጅ አስቀመጡት። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ቀለለኝ» አሉ። ሩፈይዳ ቀመሰችና አለቀሰች።

መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ እኔ ጓሮ በሰማያዊው ሳፋ ሳህን አጥባለሁ። ሥራው አስቸኳይ ሆኖ አይደለም፤ ስትሄድ ማየት ስላልቻልኩ ነው። ቀና ስል ሩፈይዳ ቀሚሷን ሰብስባ ፊቴ ቆማለች። የእናቷን ሳህን ይዛለች፤ ታጥቦ፣ ሳምቡሳ ተደርድሮበት።

«ይሄ ያንቺ ነው፣ ይዘሽው ሂጂ» አልኳት።

አረፋ በያዘው እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከሂናው መሐል የአውራ ጣቷ ጥፍር አረንጓዴ ተቀብቷል።

«ቤቴ ስትመጪ ታመጪልኛለሽ» አለች። «ባዶውን እንዳይሆን ግን።»