የቡሪ ዳርቻ የውሃ ተራ

“አንድም መደብ አላጠጡም? በጦርነቱ ሁለቱንም ወቅት?” ሚያር እስክሪብቶዋን ከቅጹ ላይ አነሣች።

“አንድም” አሉ ጋሽ አምኃ። “ጀርጂሩም ሽንኩርቱም ደረቀ። ሎሚዎቹም እንደቆሙ ሞቱ።”

አጠገባቸው አግዳሚው ላይ የተቀመጠው አይመን አቀረቀረ። መልሱ የሚጠቅመው እሱን ነበር።

ጋሽ አምኃ ከሠላሳ ዓመት በፊት ካርቱም የገቡ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ናቸው። አገራቸው መምህር ነበሩ፤ እዚህ ቡሪ፣ ወንዙ ዳር፣ አትክልት አልሚ ሆኑ። ሚያር ደግሞ የውሃ ፈቃድ ቢሮው መዝጋቢ ናት፤ አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ ወለላ ኢትዮጵያዊት። በበጋ ወንዙ ሲጎድል በቡሪ ዳርቻ ውሃ መሳብ የሚፈቀደው ለስድስት ሞተር ብቻ ነው፤ ቅድሚያውም ሩኽሳቸው፣ የውሃ ፈቃዳቸው፣ ላረጀው። ጋሽ አምኃ አንደኛ ናቸው፤ አይመን ሰባተኛ። ሁለት ወቅት ያላለማ ሰው ሩኽሳው ይወድቅና ከሰልፉ ጭራ ይጀምራል። ጦርነቱ ሞተሩን ያቆመበት ምሕረት ይደረግለታል። የጋሽ አምኃ ሞተር ግን አልቆመም ነበር።

“ሲሠራ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል” አለ አይመን በአረብኛ። “ውሃውን እኔም ጠጥቻለሁ፤ አልክድም። ግን ዘንድሮም ተራ ካላገኘሁ መሬቱን ጥዬ መሄዴ ነው። አራት ልጆች አሉኝ።”

ሚያር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ አማርኛ ዞረች። “ጋሼ፣ ትንሽ ሽንኩርት አጥጥቻለሁ ይበሉኝ። አንድ መደብ። ኻላስ፣ እዘጋዋለሁ።”

“እንዴት ብዬ ልጄ? ቧንቧው ሲቆም ባልዲ ይዞ ወንዝ የወረደ ሰው በጥይት ይመታ ነበር። ቱቦውን ወደ ሰፈሩ አዞርኩት። የነበረኝ ነዳጅ ለሰውም ለሽንኩርትም አይበቃም። ይኸው ነው። አሁን ምን ብዬ ልዋሽ?”

በጦርነቱ ጊዜ የሚያር እናት ታምማ ከቡሪ አልወጣም ስላለች፣ እሷም አብራት ቀርታ ነበር። በየማለዳው በግድግዳ ጥግ ጥግ እየሄደች ሁለት ጀሪካን ከዚያ ቱቦ ትሞላለች። እናቷ ዛሬ በሕይወት አለች።

ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ “አልምቷል”፣ “አላለማም”። የትኛውም እውነቱን አይናገርም። መመሪያውን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። ምስክር የቀረበበት ጉዳይ ኮሚቴ እስኪያየው ድረስ የባለፈቃዱ ተራ አይነካም። ኮሚቴው ደግሞ ክረምት ሳይገባ አይሰበሰብም፤ የዘንድሮው በጋ በጋሽ አምኃ ተራ ያልፋል። መዝጋቢ ግን በምታየው ጉዳይ ምስክር መሆን አትችልም። ልመስክር ያለች መዝገቡን ታስረክባለች። የቡሪን መዝገብ ዘጠኝ ዓመት ይዛዋለች፤ ከጦርነቱ በኋላ የተቃጠለውን ገጽ በገጽ መልሳ የጻፈችው እሷ ናት። የሥራ እድገት አገኛለሁ ብላ ያሰበችውም በዚሁ መዝገብ ነው።

አይመንን አየችው። እሱም ክፉ ሰው አይደለም።

የቢሮው ኃላፊ ዐዛ በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። “ያላ ሚያር፣ አልጨረስሽም? ውጭ ሰው ሞልቷል።”

ሚያር ቅጹን ባዶውን ተወችው። ማኅተሙንና መዝገቡን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠች፣ ተነሣች፣ ዞራም አግዳሚው ጋ ሄደች። አይመን ግራ ተጋብቶ አያት፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

“ምን መሆንሽ ነው?” አለች ዐዛ።

“እዚህ ጉዳይ ላይ ምስክር ነኝ፣ ኡስታዛ። ውሃውን ስምንት ወር ቀድቻለሁ።”

“ልጄ፣ ተይ” አሉ ጋሽ አምኃ።

ዐዛ ማኅተሙን አንሥታ በእጇ ያዘችው። “ቡሪ ከእጅሽ ይወጣል። የዛሬው ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ መዝገቡ በሙሉ። ገብቶሻል?”

“ገብቶኛል” አለች ሚያር። “ይቀመጡና ስሜን ይጻፉ።”